ያላየ ሰው ይጠየቃልን?

ወጣት ወዳጆቼ፣ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። በደጁ ላይ በደል ሲፈጸም ቤት ያልነበረ ሰው ስለ በደሉ ይጠየቃልን? ለመመለስ አትቸኩሉ። አስቀድመን የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስና ቤተ ሰቡ የኖሩባቸውን ሦስት ቤቶች እንመልከት።

የመጀመሪያው በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ በኔቫ ወንዝ ዳር የሚገኘው የክረምት ቤተ መንግሥት ነው። ራስትሬሊ የተባለ አርክቴክት ከ1754 እስከ 1762 የሠራው፣ ክፍሎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ አደባባይ ያለው ታላቅ ሕንፃ ነው። ሁለተኛው ከከተማዋ በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጻርስኮዬ ሴሎ የሚገኘው የአሌክሳንደር ቤተ መንግሥት ነው። ይህኛው በዛፎች የተከበበና ጸጥ ያለ ነው። ኒኮላስ ኑሮውን ወደዚህ ያዛወረው ሕዝቡን ጠልቶ አይደለም። ሚስቱንና ልጆቹን የሚወድ፣ ጸሎተኛ ሰው ነበር። ጸጥታ ፈለገ፤ አገኘም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 22 ቀን 1905፣ እሑድ ዕለት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከነቤተ ሰቦቻቸው ወደ ክረምቱ ቤተ መንግሥት ጉዞ ጀመሩ። ጋፖን የተባለ ቄስ ይመራቸው ነበር። ቅዱሳት ሥዕላትና የንጉሡን ምስል ተሸክመው ይዘምሩ ነበር። የያዙት ማመልከቻ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀንና የተሻለ ደመወዝ ይለምናል። ንጉሡ ችግራችንን ቢሰማ ይራራልናል ብለው ነበር የመጡት። ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ንጉሡ ግን እዚያ አልነበረም፤ ጻርስኮዬ ሴሎ ነበር።

«ተኩሱ ብሎ አላዘዘም፤ ሲሞቱም አላየም» ብሎ የሚከራከርለት ሰው እውነት አለው። በማስታወሻ ደብተሩም ሐዘኑን ጽፏል። ነገር ግን በዋዜማው ምሽት የአገር ግዛት ሚኒስትሩ እርሱ ዘንድ ሄዶ ነበር፤ ጉዳዩ አልተሰወረበትም። መንገዱም ሩቅ አልነበረም። በ1837 የተከፈተው የሩሲያ የመጀመሪያው ባቡር የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጻርስኮዬ ሴሎ ነበር።

እንግዲህ አለማየት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰው ልጅ አቅም ውስን ከመሆኑ የሚመጣ ነው። የዓለምን ሐዘን ሁሉ ማየትም መሸከምም የሚችል የለም፤ በዚህ ማንም አይወቀስም። ሁለተኛው ግን እንዳናይ ሆነን ስለ ኖርን የሚመጣ ነው። ጌታ በነገረን ምሳሌ ባለጠጋው አልዓዛርን መታው ወይም ሰደበው አልተባለም። ድኻው በደጁ ተኝቶ ሳለ እርሱ ኑሮውን ቀጠለ፤ በቃ። ርቀትን ራሳችን ከመረጥነው፣ ርቀቱ ሰበብ ሊሆነን አይችልም።

ሦስተኛው ቤት በየካተሪንበርግ ነው። ኒኮላስ በ1917 ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ የታሰረው በዚያው በሚወደው የአሌክሳንደር ቤተ መንግሥት ነበር። በመጨረሻ ግን ቤተ ሰቡ ኢፓቲየቭ በተባለ መሐንዲስ ቤት ተዘጋባቸው። ዙሪያው በረጅም አጥር ታጠረ፤ መስኮቶቹ በኖራ ተቀቡ። በሐምሌ 1918 አባት፣ እናትና አምስቱ ልጆች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ይህን የእግዚአብሔር ቅጣት ነው እንዳትሉ። የአባት ጥፋት ልጆችን ለመግደል ምክንያት አይሆንም። ገዳዮቹም ቢሆኑ ፊታቸው የቆሙትን ልጆች እንደ ልጆች አላዩም፤ የንጉሥ ዘር መሆናቸውን ብቻ አዩ።

እናንተ ቤተ መንግሥት የላችሁም። ነገር ግን ልብሳችሁን የምታጥበው የቤት ሠራተኛ አገሯ የት እንደሆነ፣ እናቷ በሕይወት መኖሯን ታውቃላችሁ? ከወጣቶች ኅብረት ከቀረ ሦስት ሳምንት የሆነው ወንድም ምን እንደ ገጠመው ጠይቃችኋል? «አልሰማሁም» ማለት ቀላል ነው። ለምን አልሰማሁም ብሎ ራስን መጠየቅ ግን ይከብዳል። በዚህ ሳምንት ከእነዚህ ሰዎች አንዱን ቀርባችሁ አነጋግሩ፤ የሚነግራችሁንም እስከ መጨረሻው ስሙት።