ቱሉን ሳትለካ ማሽኑን አትንካ

ልጄ፣ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ላይ ከቆምክ ወዲህ ለፕሮግራም ያለህ ጉጉት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከፕሮግራሙ በፊት አንድ ነገር ልብ በል። ማሽኑ ዓይን የለውም። ስፒንድሉ የያዘውን ቱል ርዝመትና ውፍረት የሚያውቀው ኦፍሴት ገጹ ላይ በሞላህለት ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ የፕሮግራምህ ማማር አያድንህም።

ርዝመቱ 135 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቱል 120 ብለህ ከሞላህ፣ ማሽኑ ጫፉን ከሚገባው 15 ሚሊ ሜትር አሳልፎ ያወርደዋል። ቱሉ ብቻ ተሰብሮ ካለፈ ተመስገን በል፤ የስፒንድሉ ቤሪንግ ከተጎዳ ግን ማሽኑ ሥራ ይፈታል። በትክክል ለክተህም ልትሳሳት ትችላለህ፦ ቱል 6ን ይዘህ የርዝመት ኦፍሴት በሚጠራው ትዕዛዝ ጂ43 ኤች5 ብለህ ከጻፍክ ማሽኑ የሌላ ቱል ርዝመት ይወስዳል። የቱሉና የኤች ቁጥር ምንጊዜም አንድ ይሁኑልህ።

ከመለካትህ በፊት አጽዳ። የሆልደሩን ሾጣጣ ክፍልና የስፒንድሉን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ቱል የሚለካበት ሴተር ላይ የቀረች አንዲት የብረት ፍርፋሪ ቱሉን በውፍረቷ ልክ አስረዝማ ታስነብብሃለች፤ ሥራህም በዚያው ልክ ሳይቆረጥ ይቀራል። ሴተር ከሌለህ ስፒንድሉን አቁመህ፣ በቱሉ ጫፍና በሥራው መካከል ወረቀት እያንቀሳቀስክ፣ በእጅ መዘውሩ በ0.01 ሚሊ ሜትር ዝቅ እያልክ ወረቀቱ ሲያዝ አቁም። ተራ ወረቀት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይወፍራልና እሱን ሒሳብ ውስጥ አስገባ።

ዲያሜትሩን ደግሞ እጀታው ላይ ከተጻፈው አትገልብጥ። 10 የተባለው ኤንድሚል ተስሎ ተመልሶ 9.8 ሊሆን ይችላል። የቱሉን ራዲየስ በሚያካክሰው በጂ41 ስትሠራ 10 ብለህ ከሞላህ በየግድግዳው 0.1 ሚሊ ሜትር ሳይቆረጥ ይቀራል፤ 50 መሆን የነበረበት ውጫዊ ወርድ 50.2 ይወጣል። ሌላም አለ፦ አንዳንዱ ማሽን ራዲየስ፣ አንዳንዱ ዲያሜትር ይጠይቃል። ዲያሜትር ለሚጠብቅ ማሽን 5 ብትሰጠው በየጎኑ 2.5 ሚሊ ሜትር ወደ ሥራው ገብቶ ይቆርጥብሃል። ስለዚህ አዲስ ማሽን ላይ ስትመደብ መጀመሪያ ይህን ጠይቅ። በሚነካ ሴተር ዲያሜትር የምትለካ ከሆነም ቱሉን ወደ ኋላ አሽከርክረው፤ አለበለዚያ ስለቱ ሴተሩን ይቆርጠዋል። እየዞረ ሲለካ በሆልደሩ ውስጥ አጋድሎ የታሰረ ቱልም ይጋለጣል፤ ከራሱ ዲያሜትር ሰፍቶ ይነበባልና።

ጠዋት በቀዝቃዛ ማሽን የለካኸውን ቀኑን ሙሉ አትመነው። 100 ሚሊ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ከ0.01 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ልኩ ጥብቅ የሆነ ሥራ ሲመጣ ስፒንድሉን አሙቀህ እንደገና ለካ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። አለቃህ ቢያጣድፍህ እንኳ ይህችን የመለኪያ ደቂቃ ለማንም አትስጥ። ቱል በቀየርክ ቁጥር ለካ፤ የሞላኸውን ቁጥር ጮክ ብለህ አንብብ፤ የመጀመሪያውን ሥራ ፍጥነቱን ቀንሰህ በሲንግል ብሎክ፣ መስመር በመስመር፣ አስኪድ፤ ቱሉ ወደ ሥራው ሲቀርብ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቀሪ ርቀት በዓይንህ ካየኸው ክፍተት ጋር አስተያይ። ካልተስማሙ ማሽኑን አቁመህ እንደገና ለካ። ይህን ልማድህ ካደረግህ ማሽን ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠሩት አንተን ይሆናል።