ነጋዴ ሲሞት ምን ይነበብለት?

ልጆቼ፣ ናይሮቢ በሳውዝ ሲ ሰፈር ከእኛ ከኢትዮጵያውያን አንዱ ሲሞት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድሩ ያዋጣል፣ አስከሬኑ በሞምባሳ ሮድ ወደ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሸኝ ሲል አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ይቆምና የሕይወት ታሪኩን ያነባል። ያንን ወረቀት የምትጽፉት አሁን እናንተ ናችሁና ምክሬን ስሙኝ።

የብዙዎቹን ሰምቻለሁ። «ተወለዱ፣ ወደ ናይሮቢ መጡ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ ቤት ሠሩ፣ ልጆች አስተማሩ» ይልና ያልቃል። አንዱም ውሸት አይደለም፤ ሰውየው ግን የለበትም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስም ብቻውን ግን አይበቃም። አቶ በቀለ ሞላን አስቡ። በመኪና በሞያሌ በኩል ወደዚህ የወረደ ሰው ስማቸውን ያውቀዋል፤ በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በሞያሌ ጭምር ሆቴሎቻቸው ላይ ተጽፎ ነበር። ደቡብን ያቋረጠ መንገደኛ በዚያ ስም ሥር ቁርሱን በልቷል፣ አድሯል። ከዚያ ሁሉ መንገደኛ ስለ ሰውየው ጠባይና ኑሮ አንድ ነገር መናገር የሚችለው ስንቱ ነው? የዚያን ያህል ስም ላላቸው ነጋዴ ይህ ከሆነ፣ በአንዲት ክፍል ሱቅ በርበሬ፣ ሽሮና ጀበና ሲሸጥ ለኖረው አባታችሁማ እንዴት ይሆን?

ንብረት ደግሞ ለመታሰቢያ የሚታመን ነገር አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ ዕድሜ ልኩን ጥሮ ትርፍ ቤት የሠራው ነጋዴ ባንድ ቀን አጣው። ያበደረው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ሰው ግን አልተወረሰበትም። ስለዚህ ስትጽፉ ከቤቱ አትጀምሩ፤ ከሰው ጀምሩ።

ሰውን የምታገኙት የዱቤ መዝገቡ ውስጥ ነው። የአንድ ሟች ወዳጄን መዝገብ ከልጁ ጋር ገልጠን አይተናል። ተበዳሪው በአባቱ ስም አልተጻፈም፤ «የጎንደሯ ነርስ»፣ «የሞያሌው ሹፌር»፣ «ፕሮሰስ የሚጠብቀው ልጅ» ይላል፤ ፕሮሰስ ማለት ወደ ሌላ አገር የመሄጃ ጉዳይ ነው። በዚህ የመጨረሻው ልጅ ስም ሥር ዘይት፣ ስኳር፣ እንጀራ፣ ደግሞ እንጀራ ተደርድሯል። ክፍያ የለም። ሂሳቡ ላይ መስመር ተሰምሯል፤ ዳር ላይ «ሄዷል፣ ይቅናው» ተብሎ ተጽፏል። የሟቹ ልጅ ያንን ሲያነብ አለቀሰ፤ አባቱ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላወራለትም ነበር። ለቀስተኛው ፊት መነበብ ያለበት ይህ ነው።

መዝገቡ ውስጥ መከፈል ያለበት የአባታችሁ ዕዳም አለ። አባታችሁ ያልከፈለውን ዕዳ እሱ ራሱ እንደሚከፍለው አድርጋችሁ ክፈሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ውርስ ከመከፋፈላቸው በፊት የሟችን ዕዳ እንዲከፍሉ ሃይማኖታቸው ያዛቸዋል። ክርስቲያኑም ከተዝካሩ ድግስ በፊት ይህን ቢያስቀድም ይበጀዋል። በርበሬውን ያመጣለት ሰው ገንዘቡን እየጠበቀ በሬ መጣል ለሟች ክብር አይሆንም። ዛሬ ደግሞ ሂሳቡ የሚገኘው በኤምፔሳ መልእክት ውስጥ ነውና፣ ስልኩን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እያነበባችሁ በወረቀት አስፍሩት።

ስለ ቤቱ ስትጽፉ እናታችሁን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ብዙውን ሱቅ በእግሩ ያቆመችው ሌሊት እየተነሳች እንጀራ የጋገረችው ሴት ናት። «ከውድ ባለቤታቸው ጋር» በምትል አንዲት ሐረግ አትለፏት። ሙት ወቃሽ ሁኑ አልላችሁም፤ ሰውየውንም ግን መልአክ አታድርጉት። ቁጡ ከነበረ፣ ተቆጥቶ ሲያበቃ ልጁን እንዴት ያባብል እንደነበር ጻፉ። የሚያውቁት ሰዎች «አዎ፣ እሱ ነው» የሚሉት ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ግን፣ አባቱ በሕይወት ያለለት ልጅ ሞትን አይጠብቅ። ማታ ሱቅ ሲዘጋ አብራችሁት ቁጭ በሉና «አባዬ፣ መጀመሪያ ዱቤ የሰጠህ ማን ነው?» በሉት። ወሬው ከዚያ ይመዘዛል፤ ድንበር ያሻገረው ሹፌር ይመጣል፣ ያለ ዋስ አምኖ ቤት ያከራየው ሰው ይመጣል፣ የመጀመሪያውን ኬሻ ያበደረችው ሴት ትመጣለች። ስማቸውን ጻፉ። በሕይወት ያሉትን ሄዳችሁ አመስግኑ፤ የሞቱትንም ሰዎች ልጆች ፈልጉ። አባታችሁ ነጋዴ የሆነው ሰው አምኖት ነው፤ እሱም በተራው ሌላውን አምኗል። ያንን እምነት የተቀበለ ልጅ፣ ሱቁ ቢዘጋም ቤቱ ቢሸጥም፣ አባቱን አስታውሷል እላለሁ።