የኩሬው በር

በአንድ አገር ገበሬዎች የክረምቱን ውኃ በኩሬ አጠራቅመው በበጋ ተራ በተራ ያጠጡ ነበር። የአንዱ ተራ ደረሰና በሩ ተከፈተ። የጠወለገው ሽንኩርት ቀና አለ፤ ሰዉ ተደሰተ፤ ጠላ ተቀዳ። የበሩ ሳንቃ ተመልሶ ሲወርድ ግን አንድ ጉቶ መሐል ላይ ተቀርቅሮ ኖሮ በሩ አልገጥም አለ። ውኃው ከሥር መፍሰሱን ቀጠለ።

«ማሳው ጠጥቶ የለም እንዴ? ጉቶው በራሱ ጊዜ ይወጣል» አሉ ሽማግሌዎቹ። ኩሬው ጎደለ። አንድ ጎረምሳ ከጉቶው የተንጠለጠለውን ሐረግ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው፤ ተበጠሰ። መበጠሱም ደግ ነው፤ ጉቶው የበሩን መቃን ይዞ ቢመጣ ኖሮ ግድቡ በተናደ።

የባለማሳው ሚስት ሮጣ የውኃውን ተራ የሚቆጣጠሩትን የውኃ አባት ጠራች። እሳቸውም አንድ እጃቸውን ከላይ ደግፈው፣ በሌላው ጉቶው የተጣበቀበትን እየዳሰሱ ቀስ ብለው አላቀቁት። ሳንቃው ወርዶ ገጠመ።

ጉቶው እንግዴ ልጅ ነው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ማኅፀን ተኮማትሮ የደም ሥሮቹን አንቆ ይዘጋል፤ እንግዴ ልጁ ወይም ቁራጩ ውስጥ ከቀረ ግን መኮማተር ያቅተዋል፣ ደሙም አይቆምም። ጤና ተቋም የወለደች እናት ሕፃኑ በወጣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ማኅፀን የሚያኮማትር 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። 30 ደቂቃ አልፎም እንግዴ ልጁ ካልወጣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ይሰጣታል፣ ፊኛዋ ባዶ ይደረጋል፣ የሕመም ማስታገሻ ወይም ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ ከዚያ የሠለጠነ ባለሙያ ረጅም ጓንት አጥልቆ አንድ እጁን ሆዷ ላይ ደግፎ በሌላው ያወጣዋል። ሙሉ መሆኑን አገላብጦ ያያል። ኢንፌክሽን እንዳይከተልም መድኃኒት ይሰጣታል።

ቤት ውስጥ ግን እትብቱን የሚጎትት፣ ሆዷን አጥብቆ የሚያሽ፣ ጠርሙስ የሚያስነፋ አለ። ይህን የሚያደርጉት የሚወዷት ሰዎች ናቸው፤ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳዝነኝ። እትብቱን በኃይል መሳብ ማኅፀኑን ገልብጦ ሊያወጣው ይችላል።

ባሎች፣ አማቶች፣ ጎረቤቶች፦ ቤት ለወለደች እናት 30 ደቂቃው የመጠበቂያ ጊዜ አይደለም። ሕፃኑን ጡት አስይዙላት፣ ሽንቷን ትሽና፣ ወዲያውኑም አምቡላንስ ጥሩ። መኪና የማይገባበት ከሆነ ቃሬዛ አንሡ።