ያረምኩት ወይስ የደበቅኩት?

ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ቢሮ ፕሮግራመር ሆኜ ስሠራ የገጠመኝን ላካፍላችሁ። እኔና የሥራ ባልደረባዬ በጋራ የምንጽፈውን ኮድ የሚመዘግብልን ጊት ነበር፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ፕሮግራም። እያንዳንዱ ምዝገባ «ኮሚት» ይባላል። እኔ ትእዛዝ ከመጻፍ ይልቅ ኮሚቶቹን በመስመርና በነጥብ የሚያሳይ መተግበሪያ እጠቀም ነበር።

አንድ ዓርብ ማታ፣ አስቀድሜ ወደ ሰርቨር በላክሁት ኮሚት ውስጥ አሳፋሪ ስህተት አየሁ። መተግበሪያው ላይ «አሜንድ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ የመጨረሻውን ኮሚት ለማስተካከል ናት። ምልክት አድርጌባት አረምኩ። ስህተቱ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ታየኝ፤ አሮጌው በአንድ በኩል፣ አዲሱ በሌላ በኩል። ለካ ጊት የተመዘገበውን አይለውጥም፤ አዲስ ኮሚት ሠርቶ በቦታው ይተካል እንጂ። አሮጌውም በተለመደው አሠራር ለ30 ቀናት ያህል ኮምፒውተሬ ውስጥ ይቆያል።

ሰርቨሩ አዲሱን አልቀበልም አለ። በፎርስ ፑሽ አስገድጄ ላክሁት። ለካስ ባልደረባዬ በአሮጌው ኮሚት ላይ የራሱን ሥራ ጨምሮ ልኮ ነበር፤ የእርሱም ከሰርቨሩ መዝገብ አብሮ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት «ሥራዬ የት ገባ?» አለ። «መተግበሪያው ነው» የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር። ግማሽ እውነት ነበረ፤ የሚፈትነውም ግማሽ እውነት ነው።

ስህተትን ማረም መልካም አይደለምን? ነው። ከእጄ ያልወጣውን ብፍቀው ማንንም አልበድልም። ሌላው ተቀብሎ የራሱን የሠራበትን ግን ሳልነግረው ልለውጥ አይገባኝም፤ የእርሱም ሆኗልና። ለዚህ ጊት «ሪቨርት» አለው፤ አሮጌውን ሳይነካ ስህተቱን የሚሽር አዲስ ኮሚት ያክላል። ስህተቱም እርማቱም ለሁሉ ይታያል። ያሳፍራል፤ ነገር ግን የማንንም ድካም አይበላም። ዘኬዎስም ሒሳቡን በጓዳ ማስተካከል ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ቆሞ ተናገረ።

እኔም ነገርኩት። ሥራው በእርሱ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር አብረን መለስነው። «ዓርብ ማታ ብትደውልልኝ ኖሮ እኮ አምስት ደቂቃ ነበር» አለኝ።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተስ በዝምታ «አስተካክዬዋለሁ» ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ሌላ ሰው ግን ዛሬም የቆመበት ነገር ይኖር ይሆን? ደውሉለት።