ከመምህር ቤት ሳይጨርሱ ስለ መውጣት

የመጀመሪያውን ዲግሪ ያገኘ ወጣት ለሁለተኛው ከማመልከቱ አስቀድሞ በምርምር ጣቢያ ወይም በቤተ ሙከራ ተለማማጅ ሆኖ መሥራት የተለመደ ሆኗል። ዕውቀት ያገኝበታል፤ የመምህሩን የምስክርነት ደብዳቤም ተስፋ ያደርግበታል። ታዲያ ሌላ የትምህርት መንገድ ቢገለጥለትና ከቀጠሮው በፊት ልውጣ ቢል፥ ይህ አሳዳሪን መክዳት ነውን?

ጥያቄው ለእኛ ለጎጃሞች እንግዳ አይደለም። አገሩ የቅኔ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ሲዘዋወር የኖረበት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ከተማሩ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ፍለጋ አዲስ አበባ ገብተዋል፤ በዚህ የሚነቅፋቸው ሰው አላጋጠመኝም። በቅኔ ቤት ግን የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ይረዳል፤ ስለዚህ የሚሄደው የተቀበለውን በታናሹ ላይ አሳድሮ ነው የሚሄደው።

በምርምር ቦታ የታናሹን ስፍራ የያዘው መዝገብ ነው። ጤፍን እንመልከት። አበባው እጅግ ደቃቅ ሆኖ የሚከፈተውም ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለት ዓይነት ጤፍ በእጅ ማዳቀል የማይቻል መስሎ ኖሮ ነበር። መንገዱን በ1960ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ አገኙት፤ በማዳቀል የተገኘው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ለገበሬው የተለቀቀው ግን በ1998 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀውን መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊዘልቀው እንደማይችል ግልጽ ነው። እንግዲህ መውጣቱ ብቻውን በደል ሊባል አይችልም።

በደሉ ከአወጣጡ ይመጣል። በሐምሌ የዘራ ተለማማጅ በጥቅምት ጥሎ ቢሄድ፥ የየመደቡንም ምልክት ከእርሱ በቀር የሚያውቅ ባይኖር፥ የዓመቱ ድካም ገለባ ሆነ ማለት ነው። ያው ልጅ ታኅሣሥ ላይ አጭዶ፥ ወቅቶ፥ መዝኖና ጽፎ ቢወጣ ግን ምን ዕዳ አለበት? ሕመም ወይም የቤተ ሰብ ችግር በመካከል ቢያስወጣውም፥ ተተኪውን እርሻው ላይ አቁሞ መዝገቡን ያስረዳው። (እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በርክክብ ጊዜ ወንበርና ጠረጴዛ እንቈጥራለን፤ ሰውየው የሚያውቀውን ግን ማን ይረከበዋል?)

እንዲህ ያለው ፈቃድ ወረተኛ ያበዛል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ያልተፈጠረበትን የትምህርት ዓይነት አውቆ ዝም ያለ ሰው፥ በመንግሥት ገንዘብ ሁለት ዓመት ተምሮ ዕድሜውን ሁሉ ሳይወደው ቢሠራበት ኪሳራው የማን ነው? ልምምድ ይህን በጥቂት ወጪ ለማወቅ የተሠራ በር ነው።

ከሁሉ የሚከፋኝ ደብዳቤውን እንደ ገመድ የሚይዝ መምህር ነው። ስድስት ወር የተጋውን ልጅ ዓመት አልሞላህም ብሎ መከልከል ያዩትን እንደ መካድ ይቈጠራል። ልጁም ያልጨረሰውን እንደ ጨረሰ አድርገህ ጻፍልኝ አይበል። ደብዳቤው ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ከእኛ ጋር ሠራ፥ ወደ ሌላ ትምህርት ለመሄድ በፈቃዱ ወጣ፥ መዝገቡም በእጃችን ይገኛል፥ ይነበባል ቢል ይበቃል።