ነርስ ሆነሽ ቦኬ ስትገቢ

ልጄ፣ ቦኬ ወረዳ መመደብሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። በምረቃሽ ቀን ሻማ አብርታችሁ በፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ቃል ገብታችኋል። ቃሉን የጻፈችው እሷ አይደለችም፤ በ1893 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በስሟ የተጠራ ነው። ሰው የሚያስታውሳት በፋኖሷ ነው፤ አንቺ ግን መዝገቧን አስቢ። በ1854 እ.ኤ.አ. 38 ነርሶች አስከትላ የክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞች ወደተኙበት የስኩታሪ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ወታደሩን ከጥይት ይበልጥ የሚጨርሰው ኮሌራ፣ ተስቦና ተቅማጥ ነበር። የፍሳሹ ቦይ በማግሥቱ ዓመት ተጠርጎ ሞቱ ቀነሰ። እሷም አገሯ ከገባች በኋላ ሟቾቹን በየምክንያታቸው ለይታ፣ በሥዕል አስቀምጣ ሹማምንቱን ሞገተችበት። እንግዲህ ተረኛ ስትሆኚ መዝገቡን ለነገ አታሳድሪ።

ከእኛ ወገን ደግሞ ልዕልት ፀሐይን እወቂ። ጣልያን ሲወረን ገና ልጅ ነበሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሰደዱ ያለፉት በእኛው በሚኤሶ ነው። ልዕልቲቱ በስደት ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ብቁ ሆኑ። ተማሪ ነርስ ደግሞ ምን እንደምትሠራ ታውቂዋለሽ፤ ልዕልትም ብትሆን አልጋ ታነጥፋለች። ነጭ ጋወን ለብሰው አልጋ ማንጠፍ የሚያሳፍራቸው ልጆች ስላየሁ ነው ይህን ማንሳቴ።

አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሱ፣ አግብተው ወለጋ ሄዱ። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ አረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በኋላ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባ፣ በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ቆመላቸው፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው።

ከታሪካቸው ሁሉ እኔን የሚከብደኝ ያ ሞት ነው። ነርስም ልዕልትም የሆኑትን እርግዝና ከቀጠፈ፣ ከቦኬ ቆላ ቀበሌ ሌሊቱን በቃሬዛ ተሸክመው የሚያመጧትን እናት አስቢያት። ወልዳ ደም ሲበዛባት «ትንሽ እንጠብቅ» የሚልሽን አትስሚ። ማህፀኗን እሺላት፣ ኦክሲቶሲኑን ስጪ፣ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ስቀይላት፣ ወዲያው ወደ ጭሮ ሪፈር ጻፊ። ባልና አማት ያመነቱ ይሆናል፤ የብር ነገር አለ፣ ቤት የቀሩ ልጆች አሉ፣ ፍርሃትም አለ። አትቆጫቸው። ኦሮምኛሽ እስኪጠራ ድረስ ከአዋላጇ አጠገብ አትራቂ፤ እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምታሳምነውን ሰው አንቺ ግማሽ ሰዓት ትለምኚዋለሽ፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ደሙ አይጠብቅም።

ደግሞ መጀመሪያ በገባሽበት ቀን የአምቡላንሱን ሾፌር ስልክ ያዢ። ሞባይልሽ ቻርጅ ሊጨርስ ስለሚችል ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይም ለጥፊው።