ያልተጻፈውን ማንበብ

የመጀመሪያ ሥራህ ምን ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ሲገኝ ‹‹አንባቢ›› እላለሁ። መጽሐፍ አይደለም፤ የሰው ደብዳቤ። ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ግድም፣ ዕድሜዬም አሥራ ሁለት ነበር። በሰፈራችን የብዙ ቤት ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ቤይሩትና ወደ ጅዳ ሄዳለች። ደብዳቤው አንዳንዴ በሰው እጅ፣ አንዳንዴም በአንዱ ዘመድ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን በኩል፣ ዳርና ዳሩ ቀይና ሰማያዊ በሆነ ፖስታ ታሽጎ ይመጣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ፊደል የቆጠረ ልጅ ይፈልጋሉ። ደመወዜ አንድ እፍኝ ቆሎ ነበር፤ ደብዳቤው ብር ይዞ ከመጣ ደግሞ አምባሻ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምወዳቸው ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ቤይሩት ነበረች። የደብዳቤዋ አጀማመር እንደዚያ ዘመን ደብዳቤ ሁሉ ነው፦ ‹‹ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።›› ያን ጊዜ እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ በመጀመሪያ ‹‹ደህና ነኝ›› ብሎ ነበር ወደ እግሩ የሚያልፈው። ከዚያ ሰላምታ ይከተላል፤ ጎረቤቱ በየስሙ ይጠራል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤ የሚነበበው ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት ተጠርቶ ነውና ስሟ ያልተጠራው ሴት ሲኒዋን ቁጭ አድርጋ ‹‹እኔንስ ረሳችኝ?›› ትላለች። እኔም ቆሎዬን በሰላም ለመብላት ስል የተቀመጡትን በዓይኔ እየቆጠርኩ ያልተጻፈ ሰላምታ መጨመር ጀመርኩ። ሁሉም ይመርቁኛል። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ውሸት ትሉታላችሁ ወይስ መስተንግዶ? ያን ጊዜ ለእኔ መስተንግዶ ነበር።

አንድ ቀን ግን ከሰላምታው ቀጥሎ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ልጅቷ ታማ ሁለት ሳምንት ተኝታለች። አሠሪዎቿ ሐኪም ቤት አልወሰዷትም። ማታ ማታ የሚያስለቅሳት ሕመሙ ሳይሆን ‹‹አይዞሽ›› የሚላት ሰው ማጣቷ ነው። ቀና ብዬ እትዬን አየኋቸው። ጀበናውን እንዳዘነበሉ፣ ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ ይጠብቁኛል። አፌ ራሱ ‹‹በጣም ተመችቶኛል፤ ወፍሬአለሁ›› ብሎ አነበበ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ወፈረች ማለት ያን ጊዜ አለፈላት ማለት ነበርና። መልሱም በዚያው ቡና ላይ፣ በዚያው ሰው ፊት ተጻፈ። ‹‹ስለ ውፍረትሽ በጣም ደስ ብሎኛል በልልኝ›› አሉኝ። አልኩላቸው።

ሁለት ወር አልፎ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ሰላምታው አጭር ነበር። ‹‹እማዬ፤ ታመምኩ ብዬ ብጽፍልሽ ወፈርሽ ብለሽ መቀለድሽ ከሕመሙ የበለጠ አመመኝ›› ይላል። ይህችን ማንበብ አቃተኝ። አለቀስኩ፤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እትዬ አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ‹‹የኔ ልጅ፤ ደስታ የሰጠኸኝ መስሎህ ነው። የወሰድክብኝ ግን ልጄን ነው›› አሉኝ።

ለብዙ ዓመት ከዚህ ቃል ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። ጠበቃዬ ባህላችን ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ በድንገት አይወረወርም። የሩቅ ዘመድ ሲሞት ወሬው ይደበቃል፤ ከዚያም ማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል። ታዲያ እኔ ከመርዶ ነጋሪዎች በምን አንሳለሁ? መልሱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መርዶ ነጋሪ ጊዜ ይመርጣል፣ የሚደግፍ ትከሻ ያዘጋጃል እንጂ ሞትን ወደ ሠርግ አይለውጥም። እንዲያም ሆኖ ‹‹ቀብሩን አሳጣችሁኝ›› ብሎ የሚቀየም ሰው አለ። እኔ ግን እውነቱን አላቆየሁም፤ በሌላ ተካሁት። የሰውን ኀዘን ማዘግየት አንድ ነገር ነው፤ መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ኀዘኑን የተነጠቀ ሰው ‹‹አይዞሽ›› የማለት ዕድሉም አብሮ ይነጠቃል።

በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ ቃል የሚያሻግር ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ታሪካችን ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ በአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይችላሉ ሲል ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ጉዱ የተገለጠውም በደብዳቤ ነው። ምኒልክ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ለጀርመኑ ቄሣር በቀጥታ ቢጽፉ መልሱ በኢጣሊያ በኩል መሄድ እንዳለባቸው የሚያስታውስ ሆነ። ያ የቃል ልዩነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ላደረሰን ጠብ አንዱ ምክንያት ነበር። የእኔዋ ‹‹ወፍሬአለሁ›› ጦር አላዘመተችም፤ ዘሯ ግን ያው ነው። እዚያ ጥቅም፣ እዚህ ርኅራኄ ይሁን እንጂ የተታለለው ሰው በሁለቱም ዘንድ ባላለው ቃል ተይዟል። በኋላ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር ‹‹በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባ ቃል አይነካም›› ሲባል ጓደኞቼ ደብተራቸው ላይ ጻፉ፤ እኔ እትዬን አስታወስኩ።

ዛሬ ደብዳቤ አንባቢ ልጅ ሥራ ፈቷል። እናቶች የልጃቸውን ድምፅ ከእጅ ስልክ ይሰማሉ። እኛ ግን ከመሀል የወጣን አይመስለኝም። ‹‹ለእማዬ እንዳትነግሯት›› የሚባልበት ቤት ቁጥሩ ብዙ ነው፤ በየዚያ ቤት ውስጥም ያልተጻፈ የሚያነብ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያቸውን ለሁለት ሰው ያስነብቡ ጀመር፤ ጠዋት ለእኔ፣ ከሰዓት በኋላ ለአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። የሚያለቅሱትም የሚስቁትም ሁለታችን ስንስማማ ብቻ ነው። አልተቀየምኩም። የዚያን ቀኑን መልስ ግን ያጻፉት እኔኑ ነበር። አንዲት ቃል እንዳትጎድል ስለፈራሁ ከአፋቸው የወጣውን ሁሉ ጻፍኩ። ‹‹ልጄ፤ መታመምሽን ዛሬ ገና ሰማሁ፤ አይዞሽ የኔ እናት፤ ውይ! ወተቱ ገነፈለ! አይዞሽ፤ አለሁልሽ›› ይላል።

ልጅቷ በመልሷ መዳኗን ጻፈች። ቀጥላም ‹‹ደብዳቤሽን ሳነብ ቻል አድርጌው ነበር፤ ወተቱ ጋ ስደርስ ግን ቤታችን የገባሁ መሰለኝና እየሳቅሁ አለቀስኩ›› አለች።

እነሆ ጽፌ የምኖር ሰው ሆኛለሁ። እንደዚያች የወተት መስመር ያለች አንዲት እንኳ አልጻፍኩም። የእኔ አልነበረችማ።